ሊሾና ውሃ የሚጠጣው መንገዳችን

አንድ ሰው ስልሳ ዓመት ኖሮ፣ ለፍቶ፣ ደክሞ፣ ሲጠቃለል ምን ሆነ ይባላል? ይህን ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ሰላሳ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ። አስተምሬዋለሁ ስል ጠይቄዋለሁ ማለቴ ነው፤ መልሱን ተማሪዎቼ ለፈተና በጻፉልኝ አብቃቅቼ አልፌዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ጥያቄው በመስኮቴ በኩል እየመጣ ይጎበኘኛል። መስኮቴ የሚያየው ወደ መንገዱ ነው። መንገዱን ያነጠፈው ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ ሊሾ የሚለው። ስለ ሰው ሕይወት የማውቀውን ጥቂት ነገር በሱ በኩል ብናገረው መጻሕፍቴ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

ሊሾ የተባለው በእጁ ነው። የሲሚንቶ ወለል አለስልሶ በማውጣት የሚደርስበት አልነበረም። ወለሉ ሲደርቅ በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩን መሬት አስነክቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብርሃኑ በላዩ ሲንሸራተት ያያል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉብታ ካየ ያን ቀን ምሳ አይበላም። ካላየ ግን ባለቤቶቹን ሰብስቦ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስመጣና ከክፍሉ ጥግ ያፈሰዋል። ውሃው የትም ሳይቆም፣ ቀኝ ግራ ሳይል፣ መልእክት እንደያዘ ሰው ቀጥ ብሎ በበሩ ይወጣል። ሊሾም የኔ ወለል ውሃ አያሳድርም ብሎ የሲሚንቶ ማለስለሻ ካዙላውን ይጠራርጋል። ከወለል ወደ ግቢ ተሸጋገረ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰፈሩን ግቢዎች አንድ በአንድ በሲሚንቶ አለበሳቸው። ጭቃ ጠፋ፤ ሴቱም ወንዱም መረቀው። እኔም መርቄዋለሁ፤ የኔም ግቢ የሱ እጅ ነው።

ያሳደጉት እህቱ ናቸው። እናትና አባታቸው አከታትለው ሲያልፉ እሳቸው አሥራ ሰባት፣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በእግር የምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና ነበረቻቸው፤ እሷን እየረገጡ አበሉት፣ አለበሱት፣ ዳሩት። እሱ እትዬ ይላቸው ስለነበር ሰፈሩም እትዬ ብሎ ቀረ። እሳቸው ግን ሊሾ ብለውት አያውቁም። የሦስት ልጆች አባት፣ የሁለት ልጆች አያት ሆኖ እንኳ አንተ ልጅ ነው የሚሉት። በሰው ፊትም አንተ ልጅ ነው። ምላሳቸው እንደ መቀሳቸው ነው፤ ቢቆርጡም ልክ ወስደው ነው።

የእትዬ ቤት ያለው በመንገዱ መጨረሻ፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት ነው። የስፌት ክፍላቸው ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል። ወጣት ሳሉ ይህ ምንም አልነበረም። በኋላ ግን ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ውሃ ይገባባቸው ጀመር፤ መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ እስከ ባት፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እስከ ጉልበት። ደመና ባዩ ቁጥር ጨርቁን መደርደሪያ ላይ፣ መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ ያወጣሉ። አንድ ክረምት የዳቦ ጋጋሪው ሱሪ ከእጃቸው አምልጦ፣ በጎርፉ ተንሳፍፎ፣ ከታች ድልድዩ ሥር ተገኘ። ዳቦ ጋጋሪው ሱሪዬ እኔ ያልደረስኩበት አገር ደርሶ መጣ እያለ ዓመቱን ሙሉ አሳቀን። እትዬ ግን አልሳቁም። ያን ሰሞን ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው መጥታ ከእንግዲህ እዚህ አያድሩም፣ ይዤዎት እሄዳለሁ አለች። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ እናት አንድ ክረምት ለመኑ፤ የሚቀጥለው ክረምት የመጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ ቤቱን ካጥለቀለቀ ያለ አንድ ቃል መኪናዋን ጠቅልለው ሊሄዱ ተስማሙ።

ሊሾ ይህን ሲሰማ እንደ ሰው አላዘነም፤ ሥራ ፈታ። ለሱ ይህ ከማልቀስ ይብሳል። የዚያው ክረምት መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል፣ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሱ ወጣ። ከእህቱ ደጃፍ ተነሥቶ ጎርፉን ወደ ላይ ይከተለው ጀመር፤ ከየት እንደሚመጣ ሊያይ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ውሃ እያንጠባጠበ በሬን አንኳኳ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

“መምህር፣ ውሃው የኔ ነው” አለኝ።

ትኩሳት ይዞት መሰለኝ። እሱ ግን አእምሮው ንጹሕ ነበር። በመንገዱ ላይ አሥራ ዘጠኝ የግቢ በሮች አሉ። ከአሥራ አራቱ በር ሥር ውሃው እንደ ቧንቧ ይወጣል፤ ከአምስቱ ምንም አይወጣም። አምስቱ አፈርና ሣር እንደሆኑ የቀሩ ናቸው። አሥራ አራቱ የሱ እጅ ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጠብታ አላሳድር ብሎ ያባረረው ውሃ ዞሮ ዞሮ የሚያድረው ያሳደጉት እህቱ ቤት ኖሯል።

እኔ ስለ በደል ብዙ አንብቤያለሁ። በክፋት ስለተሠራ በደል፣ በስንፍና ስለተሠራ በደል። በጥሩ እጅ፣ በምርቃት መካከል፣ ተለስልሶና ተስተካክሎ ስለተሠራ በደል ግን ያስተማረኝ ይህ ከመግቢያዬ ቆሞ የሚንጠባጠብ ሰው ነው። ፎጣ ሰጠሁት።

በዚያ ወራት ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ልኮ ነበር፤ አንድ የከተማውን መንገድ ለሙከራ ውሃ በሚያሰርግ ንጣፍ ልታሠራ። የተመረጠው የኛ መንገድ አልነበረም። ሊሾ ቢሮዋ ሄዶ ከበሩ ላይ ለሦስት ቀን አልነሣ አለ። በአራተኛው ቀን እሷው ሻይ ይዛለት ወጣች፤ ተቀምጠውም ነገሩን አስረዳችው። መሬት ድሮ ዝናቡን ራሱ ይጠጣ ነበር፤ እኛ ክዳን ገጠምንበት። ስለዚህ መንገዱ እስከ ወገብ ይቆፈራል። ከታች ቡጢ የሚያህል ድንጋይ፣ ከሱ በላይ ሎሚ የሚያህል፣ ከሱ በላይ ባቄላ የሚያህል ጠጠር ይደለደላል። ከሁሉ በላይ ጥርብ ድንጋዩ ይነጠፋል፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ግን የጣት ስፋት ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ በታጠበ ጠጠር ብቻ ይሞላል። ሲሚንቶ የለም፣ ድቃቂ አሸዋ የለም፣ አፈር የለም። ዝናቡ በክፍተቱ ይገባል፣ ከሥር ባለው ጠጠር መካከል ያድራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ አፈሩ ይጠጣዋል።

ሊሾ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው ነገር አለ። ክፍተቱን ትቼ ስሄድ ሰው አያየኝም ወይ ነው ያላት። ሠላሳ ዓመት ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው ነዋ።

መሐንዲሷ ሙከራውን ወደኛ መንገድ ለማዛወር ሁለት ነገር አስገዳጅ አደረገች፤ የመንገዱ ነዋሪ በሙሉ እንዲፈርም፣ የቁፋሮውን ጉልበት ደግሞ ነዋሪው እንዲያዋጣ። ሰፈሩ ሳቀ። ድንጋይ ውሃ ይጠጣል የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ዞረ። ሊሾ በእህቱ ደጃፍ አንድ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ፣ ጠጠሩን በየደረጃው ሞልቶ፣ ከላይ ድንጋይ አንጥፎ ሰው ጠራ። አንድ ባልዲ ውሃ ገለበጠበት። ውሃው ሳጥኑ ላይ ሳይቆም ገብቶ ጠፋ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ አየና ይህንንማ የኔ ጣሪያ በየክረምቱ ያለ መሐንዲስ ይሠራዋል አለ። ሰው በሳቅ ሞተ፤ ሊሾም አብሮ ሳቀ። መጨረሻ የፈረመው ያው ዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ ሲፈርምም ለሱሪዬ ስል ነው ብሎ ነው።

ቁፋሮው የተጀመረው በበጋው አጋማሽ ነው። እኔም አካፋ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን በክብር ወደ ውሃ አቀባይነት ዝቅ አደረጉኝ። የሊሾ ቀኝ እጅ የድሮ የሥራ ባልደረባው ነበር፣ በግንበኞች ማስተካከያ ስም ውሃ ልክ የሚሉት፤ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይሆንለት። የሰው ቤት እንግዳ ሆኖ እንኳ የግድግዳ ሥዕል ያቃናል። ሁለቱ አርባ ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ አርባ ዓመት ሲተራረቡ ኖረዋል።

ሊሾን ሥራው ሳይሆን እጁ ነው ያስቸገረው። ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ ክፍተቱን ይለካል፣ ዞር ሲል እጁ ሳያስበው ድንጋዮቹን አስጠግቶ አግጥሟቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የባለሙያ እጅም ከሁለቱ አይሻልም። መልሶ ይነቅላል። በመጨረሻ ከእንጨት የጣት ውፍረት ያላቸው ሽብልቆች ጠርቦ በየድንጋዩ መካከል እያስገባ እጁን አስገደደው። ጠጠሩ ሲመጣ ደግሞ እጁን እስከ ክንዱ ባልዲው ውስጥ ይከትና መዳፉን ያያል፤ አፈር ከያዘ ጠጠሩ እንደገና ይታጠባል። ሦስት ጊዜ የታጠበ ጠጠር አይቻለሁ። እትዬ ከደጃፋቸው ሆነው አንተ ልጅ ፊትህን እንዲህ ታጥበህ ታውቃለህ ብለው ጠየቁት።

የቀረው ሃያ እርምጃ የሚሆን፣ ልክ በእትዬ ደጃፍ ያለው ብቻ ሲሆን የሊሾ ወገብ ያዘው። ቀና ማለት አቃተው፤ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋለ። በነዚያ ሦስት ቀናት ውሃ ልክና የድሮ ጓዶቹ ተመካከሩ። ሰማዩ መክበድ ጀምሯል፤ ጓደኛቸው ተኝቷል፤ የቀረው ደግሞ ያሳደጉት እህቱ ደጃፍ ነው። አነጠፉት። አስተካክለውም አነጠፉት። ከዚያ በፍቅራቸው ብዛት እያንዳንዱን ክፍተት በሲሚንቶ ሞሉት፣ በካዙላ ጫፍ አለሰለሱት፣ በጨርቅ ወለወሉት። መሐንዲሷ ያን ሳምንት ሌላ ቦታ ነበረች። እኔ በመስኮቴ አይቼዋለሁ፤ እንዴት ያምራል ብዬ ደግሞ ተቀመጥኩ። ፍልስፍና ዓይን አይሰጥም።

በአራተኛው ቀን ሊሾ ወገቡን አስሮ፣ በከዘራ መጣ። ውሃ ልክ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ከፊት ከፊቱ ይሄድ ነበር። ሊሾ ከደጃፉ ደርሶ ቆመ። ንጣፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

“ማን ሠራው?”

“እኛ ነና። ለእትዬ ደጃፍ ቀዳዳ ትተን እንሂድ?”

“ቆንጆ ነው።”

“ነው እንጂ።”

“በጣም ቆንጆ ነው። በል አሁን መሮ አምጣልኝ።”

ውሃ ልክ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። አለመሆኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። በአርባ ዓመት ውስጥ የሱ ሥራ ፈርሶ አያውቅም፤ አሁን በገዛ ጓደኛው እጅ፣ በሰፈሩ ፊት ሊፈርስ ነው። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ከመንገዱ የሚተርፈው ውሃ ሁሉ የሚወርደው ወደዚያ ደጃፍ መሆኑን ሊሾ ሊያስረዳው ከኋላው ቢጣራም ዞሮ አላየም። ሊሾ ጆንያ አጥፎ ተንበረከከና ብቻውን መሮውን ይመታ ጀመር። ከንጋት እስከ ምሽት መትቶ የከፈተው ሦስት እርምጃ አይሞላም። ደመናው ከተራራው ወዲህ መጥቷል። የእትዬ ልጅ ስልክ ደውላ ቅዳሜ በመኪና እመጣለሁ፣ ዕቃዎን ያዘጋጁ ብላለች።

በማግስቱ እትዬ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ውሃ ልክ ቤት ሄዱ። የሆነውን የነገረችኝ የውሃ ልክ ሚስት ናት። ገብተው አልተቀመጡም። ቅያሜህን አውቃለሁ አሉት፤ ደጃፌን ያሳመርከው ለኔ ብለህ እንደሆነም አውቃለሁ አሉት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

“እኔ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሰፋሁትን ያህል ተርትሬያለሁ። ስፌት በተተረተረ ቁጥር የሚያኮርፍ ልብስ ሰፊ አይተህ ታውቃለህ?”

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልክ የራሱን መሮና መዶሻ ይዞ መጣ፤ ከሊሾ ጎን ሳይሆን ከሌላው ጫፍ ጀመረ። ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ፊት ለፊት እየተቃረቡ መቱ። ሐሙስ ሊመሽ ሲል መሐል ላይ ተገናኙ። ውሃ ልክ ቀና ብሎ ሊሾ የከፈተውን አየና ክፍተትህ ጠማማ ነው አለው። ታረቁ ማለት ነው። ዓርብ ዕለት ጠጠሩ ታጥቦ ገባ።

ቅዳሜ የእትዬ ልጅ መጣች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሻንጣው መኪናው ላይ ተጭኖ፣ የስፌት መኪናዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ሳለ ዝናቡ ወረደ። በረዶ የቀላቀለ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ ነበር። ሊሾ በእህቱ ደረጃ ላይ ባልዲ በጉልበቱ መካከል ይዞ ተቀመጠ፤ ሊቀዳ። እኔ እንደ ልማዴ በመስኮቴ ነበርኩ። ውሃው ከአሥራ አራቱ በሮች እንደ ወትሮው እየተንደረደረ ወጣ። መንገዱ ላይ ሲደርስ ግን መንደርደሩ ቀረ። ከዳቦ ቤቱ በላይ ጅረት ነበር፤ ከዳቦ ቤቱ በታች ገመድ ሆነ፤ ከኔ በር ሲደርስ ክር ነበር። እትዬ ደጃፍ አንድ ጊዜ ብቻ የጣት ከፍታ ያህል ተጠራቀመ። ሊሾ ባልዲውን አነሣ። ውሃው ትንሽ ቆየ፣ ሁለት ሦስት አረፋ ሰጠና ሰረገ። ድንጋዮቹ ጥቁርና ርጥብ ሆነው ቀሩ። ዝናቡ አንድ ሰዓት ዘነበ። ሊሾ በመጨረሻ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት።

ልጃቸው ከቤቱ ውስጥ ወለሉን እያየች ቆማ ነበር። እትዬ ብርድ ልብሱን ከስፌት መኪናዋ ላይ ገፈፉ።

“ሻንጣዬን አውርጂልኝ። ያልጨረስኩት የሰው ልብስ አለ” አሏት።

ወንድማቸውን ግን አላመሰገኑም። በበሩ ብቅ ብለው አንተ ልጅ ብርድ ይመታሃል፣ ግባ አሉት። እሱ ግን ይህንን እንደ ሽልማት ነው ለሰው የሚያወራው።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ክረምት አልፏል። ሊሾነቱ ቀርቶ ወንፊት ይሉት ጀመር፤ ስሙን ያወጣው ውሃ ልክ ነው፣ ሌላ ሰው ሲለው ግን ያው ውሃ ልክ ይቆጣል። አሥራ አራቱን ግቢዎች እየዞረ የገዛ ሲሚንቶውን ለመስበር ፈቃድ ጠየቀ። ዘጠኙ ፈቀዱለት፤ የኔ ከዘጠኙ አንዱ ነው። በየበጋው መጨረሻ መንገዱን በጠንካራ መጥረጊያ ይጠርጋል፣ አፈር የገባበትን ክፍተት በቀጭን ብረት ይጭራል፣ አዲስ ጠጠር ያለብሳል። አፈር ያነቀው መንገድ ያው የድሮው ሊሾ ነው ይላል። መሐንዲሷ በሌሎች ሰፈሮች አምስት መንገድ ስታሠራ አስተማሪ አድርጋ ወሰደችው። አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ለምሩቃን ስለ ጠጠር እጥበት ሲያስረዳ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። በኔ ክፍል ያን ያህል ዝምታ ኖሮ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ከሁላችንም አንድ ነገር ለመነ። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል አልፎ በጠጠሩ ውስጥ ሲወርድ ድምፅ አለው፤ ጎንበስ ካሉ ይሰማል፤ ስድስት ዓመት ብቻዬን ሰማሁት፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲጠነክር ሁላችሁም ወጥታችሁ አብራችሁኝ ስሙ አለ። ሁላችንም እሺ አልን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያ ዝናብ መጣ። ሊሾ ጃንጥላ ይዞ ከበር በር ሄደ። የዳቦ ጋጋሪው ሊጥ ምድጃ ውስጥ ነበር። ውሃ ልክ ጉልበቱን ብርድ እንዳይነካው ሐኪም ከልክሎታል። መሐንዲሷ በስልክ ለሚቀጥለው ዝናብ እደርሳለሁ አለችው። ሌሎቹ ተኝተዋል፤ ድሮ በዚያ ሰዓት ባልዲ ይዘው የሚሯሯጡት ሰዎች ዛሬ ዝናብ ጥሩ እንቅልፍ ሆኖላቸዋል። እትዬ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ ሠላሳ ዓመት ውሃ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ፣ ዛሬ ጀርባዬን ሰጥቼው ልስፋበት አሉት።

በመጨረሻ ከመስኮቴ ሥር መጥቶ ቆመ።

“መምህር፣ እርስዎ እንኳ ይውጡ። አምስት ደቂቃ ነው።”

ደረቴን ይዤ ሳል እንዳለብኝ አሳየሁት። ሳሉ ነበር፤ ያን ያህልም አልነበረም። ዝናቡ ወደ መጻሕፍቱ ይረጭ ስለነበር መስኮቱን ዘጋሁ። በመስታወቱ በኩል አየሁት፤ መንገዱ መሐል ሄዶ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ቆመ።